ፈቃድ ያለው ሰው ከጎን

ከሁሉ በፊት የተሰማው የውሻ ልቅሶ ነበር።

ጉሙ የላ ረታማን የእንግዶች ማረፊያ ግቢ ጠቅልሎ ስለዋጠው መርማሪ ኦራሊያ ካንቱ ከመኪናዋ ወርዳ ስትቆም የገዛ ጫማዋ እንኳ አልታይ አላት። ልቅሶው ግን ከፊቷ ነበር፤ ቀጭን፣ የተሰባበረ፣ አንዴ ጸጥ ብሎ ደግሞ ሳግ እንደያዘው ሕፃን የሚነሳ። ሰው አይቶ የሚጮህ ውሻ አለ፤ ሰው አጥቶ የሚጮህም አለ። ይሄኛው የትኛው እንደሆነ ማንም ሳይነግራት ገባት።

«ቹይ?» አለች ወደ ጉሙ።

«እዚህ ነኝ አለቃ። ቀስ ብለሽ ነይ፣ እግርሽ ስር ገመድ አለ።»

ረግጣዋለች። ጣት የሚያክል ጥቁር የኤሌክትሪክ ገመድ ነው፤ ጫፉ ተቦጭቆ የመዳብ ሽቦው ተንጨባሯል። ሌላው ጫፍ ሲሚንቶ ምሰሶ ላይ ካለው ሶኬት አልተነቀለም። ምክትሏ ቹይ ባልዴራስ ባትሪውን ዝቅ አደረገና ከምሰሶው ስር ያለውን አሳያት።

ሽማግሌው ጀርባውን ለምሰሶው ሰጥቶ የተቀመጠ ይመስል ነበር። የለበሰው ፒጃማ ነው፤ ከላይ ጃኬት ደርቧል። ፊቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ደረቱ ግን ደረት አልነበረም። የውሻዋ ማሰሪያ አንጓው ላይ እንደተጠመጠመ ነው፤ ትንሿ ውሻ ልትስበው ትሞክርና ሲያቅታት ታለቅሳለች።

«ድዌን ቲቬት ይባላል፤ ከሚኒሶታ ነው» አለ ቹይ። «በየዓመቱ ብርዱን ሸሽተው እዚህ የሚከርሙ ናቸው። ምሰሶውን እዪው፤ ቀለም አለበት። መኪና ነው የደፈጠጠው።»

የግቢው ኃላፊ ኤሊሴዮ ኮፍያውን በሁለት እጁ እየጠመዘዘ ቆሟል።

«ባለቤቱስ?» አለችው ኦራሊያ። «ማን ነገራቸው?»

«ላቮንን? ማንም አልነገራት።» ምራቁን ዋጠ። «እሷማ ቤት ውስጥ ነበረች።»

«ቤታቸው የቱ ነው?»

ኤሊሴዮ እጁን ዘርግቶ ባዶውን አሳያት። በሁለት ዘንባባ መካከል እርጥብ ያልሆነ ረጅም የሲሚንቶ ንጣፍ ብቻ ነበር። ዙሪያው በጤዛ ጠቁሯል፤ መሃሉ ደረቅ ነው፤ አውቶቡስ የሚያክል ነገር እስከ ንጋት ድረስ ተኝቶበት ነበር።

«የሚኖሩበት ቤት-መኪና ጠፍቷል» አለ። «ከነላቮን። ሴትዮዋ ደግሞ ያለ ኦክስጅን አንድ ሰዓት አትቆይም፤ ሳንባዋ አልቋል። ማሽኑ የሚሠራው ሞተር ሲነሳ ነው፣ ወይ ሶኬት ላይ ሲሰካ። የሰረቀው ሰው የሆነ ጫካ ውስጥ ደብቆ ሞተሩን ካጠፋ…»

«ትርፍ ሲሊንደር የላቸውም?»

«አንድ አላት። ለቀትር አያደርሳትም።»

ኦራሊያ ወደ ምሥራቅ አየች። ፀሐይ የት እንዳለች ጉሙ አያሳይም፤ መውጣቷ ግን አይቀርም። ሬሳ አይቸኩልም። ሕይወት ያላት ሴት ግን የሆነ ቦታ፣ በዚህ ነጭ ድቅድቅ ውስጥ፣ ከገዳይ ጋር በአንድ ጣሪያ ስር እየተነፈሰች ነው።

*

የቅርቧ ጎረቤት ሚስ ቨርና ናቸው፤ ባል የሞተባቸው፣ ፀጉራቸውን ወይን ጠጅ የሚቀቡ። ኦራሊያ በራቸውን ስታንኳኳ ከውስጥ የብረት ቀጭታ ተሰማ።

«ማን ነሽ? ሽጉጥ ደግኛለሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ብሆን በሩ ፊት አልቆምም።»

«ፖሊስ ነኝ ሚስ ቨርና። ከሸሪፉ ቢሮ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

መታወቂያዋን በመስኮቱ አሳየቻቸው። በሩ አንድ ስንዝር ተከፈተ፤ ሴትዮዋም በስንጥቁ አንድ ዓይናቸውን ብቻ አወጡ።

«ምን ሰሙ?»

«ሞተሩ ተነሳ። ትንሽ ቆየና ጠፋ። ከዚያ ያ ድምፅ…» አንገታቸውን ሰበቁ። «ፍስስስ። ደግሞ ፍስስስ። እንደገና ፍስስስ። የተናደደ እባብ ነበር የሚመስለው። ብዙ ጊዜ። ከዚያ የሆነ ነገር ጥዝዝዝ እያለ መጮህ ጀመረ፤ እባቡ ግን አላቆመም። መጨረሻ ላይ ጧ! ጸጥ። ከዚያ ሞተሩ ዳግም ተነሳና ሄደ። ሲሄድ አንድ ጩኸት ሰማሁ። የወንድ። አንድ ብቻ።»

«መጋረጃ ገልጠው አላዩም?»

«አላየሁም።»

«ጎረቤትዎ እየጮኸ?»

«ፈራሁ አልኩሽ!» በሩ ከኦራሊያ አፍንጫ ፊት ተዘጋ።

ቹይ ጉሙ ውስጥ እየጠበቃት ነበር። የሰማችውን ስትነግረው «ሌባው አላወቀበትም ማለት ነዋ» አለ። «እየነካካ፣ እየሞከረ…»

«የማያውቅ ሰው ያንን?» ኤሊሴዮ ጣልቃ ገባ። «በዚህ ጉም፣ በዘንባባዎቹ መሃል፣ አንዱን ቅርንጫፍ እንኳ ሳይሰብር? እኔ ዕድሜ ልኬን ሳያቸው የኖርኩ ሰውዬ አልሞክረውም። ዝም ብሎ መኪና አይደለም እኮ። እንዲህ ያለው ከባዱ ቤት-መኪና በተራ መንጃ ፈቃድ አይነዳም። መንግሥት ‹ቢ› የሚባለውን ፈቃድ አውጡ ይላል፤ የጽሑፍ ፈተና አለው፣ የመንገድ ፈተና አለው። ብዙዎቹ ይፈሩትና ትንሿን ይገዛሉ።»

«እዚህ ግቢ ማን ማን አለው?»

«ድዌን ነበረው። ሚስ አርዲት አላቸው፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዱ የነበሩት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ክሊተስ።»

«ምነው ክሊተስን ስትል ተንሾካሾክህ?»

«ባለፈው ሳምንት ‹ድዌንን እገድለዋለሁ› ብሎ በሰው ፊት ዝቶ ነበር።»

*

ክሊተስ ፓንክራትዝ ሲከፍቱ በካልሲ ነበሩ። ትከሻቸው በሩን ይሞላል።

«ብያለሁ!» አሉ ገና ሳትጠይቃቸው። «ደረጃዬን ሰባበረው እኮ! ኋላ ማርሽ አስገብቶ መጣና እንደ ብስኩት ፈረካከሰው። ምን እንደመታ እንኳ አላወቀም። ‹ፀሐዩ ነው› ይለኛል። የምን ፀሐይ? ዓይኑ ሞራ ለብሷል። እገድልሃለሁ አልኩት። ለሁሉም ሰው እላለሁ፤ ለፖስተኛውም ብዬዋለሁ።»

«ዛሬ ሊነጋጋ ሲል የት ነበሩ?»

«ተኝቼ ነዋ!»

«እዚሁ?»

«ሌላ የት?»

ኦራሊያ በትከሻቸው በኩል ወደ ውስጥ አየች። አልጋው የወታደር አልጋ ይመስል ተወጥሯል። ወደ ካልሲያቸው አየች፤ ሁለቱም ርሰዋል፤ ሣር ተጣብቆባቸዋል።

«ጫማዎ የት አለ ሚስተር ክሊተስ?»

ሰውየው እግራቸውን ከበሩ ጀርባ ሳቡ። ጉሙ ውስጥ በየደጃፋቸው ብርድ ልብስ ደርበው የቆሙት ጎረቤቶች ጠጋ ጠጋ አሉ። አንዲት ሴት «ወይኔ፣ እሱ ነው» ስትል ተሰማ። ቹይ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ።

«ጥያቄዬን ቢመልሱልኝ ጥሩ ነው» አለች ኦራሊያ። «ሴትዮዋ በሕይወት ያለችበትን ቦታ ቢነግሩኝ ደግሞ የበለጠ።»

«አላውቅም አልኩሽ።»

«ይዙሩ። እጅዎን ወደ ኋላ።»

ካቴናው ሊቆለፍ ሲል ከጉሙ ውስጥ ወይን ጠጅ ፀጉር ብቅ አለ። ሚስ ቨርና በሌሊት ልብሳቸው፣ በአንድ እጃቸው ሽጉጥ፣ በሌላው ሁለት ትልልቅ ቡትስ አንጠልጥለው መጡ። ፊታቸው እንደ ሎሚ ቢጫ ሆኗል።

«ይኸው ጫማው!» ክሊተስ እግር ስር ጣሉት። «እኔ ዘንድ ነበር። ባለጫማውም እኔ ዘንድ ነበር። እናንተ ደግሞ ምን ታዩኛላችሁ? ሰው አይታችሁ አታውቁም?»

«ቨርና፣ ምነው…» አሉ ክሊተስ።

«ዝም በል! ለእኔ ክብር ብለህ ልትሰቀል ነው?»

ቹይ ሳቁን በሳል ለወጠው። ኦራሊያ አልሳቀችም። «እንግዲያው ጩኸቱን እርስዎም ሰምተዋል» አለቻቸው ክሊተስን።

«ምኑን ልስማ? የመስሚያ መሣሪያዬን አውልቄ ነው የምተኛው። ቤቱ ቢፈርስ አልሰማም። ጠዋት እሷ በጎን በር ገፍታ ስታስወጣኝ ነው ነገሩን ያወቅኩት።»

ካቴናውን ፈታችላቸው። የጠበቀችው ሰው እጇ ላይ ተኖ ጠፋ፤ ያልጠበቀችው ደግሞ የሆነ ቦታ መሪ ጨብጧል። ጉሙ ከላይ በኩል መሳሳት ጀምሯል።

*

መጋቢት እያለቀ ነበር። በዚህ ወቅት ከርመው የነበሩት ሁሉ ወደየአገራቸው ይመለሳሉ፤ አውራ ጎዳናው በቤት-መኪና ይሞላል፤ ሁሉም ሻይ በወተት የመሰለ አንድ ቀለም ነው። ሬዲዮው አላረፈም። እዚህ ታየ፣ እዚያ ታየ። የታርጋው ቁጥር ግን አይገጥምም።

ከዚያ አንዱ መጣ፦ በብርቱካን እርሻ ውስጥ፣ ከአሮጌው የማሸጊያ መጋዘን ጀርባ፣ አንድ ቆሟል። መጋረጃዎቹ ተዘግተዋል። ታርጋው በጭቃ ተሸፍኗል። ሞተሩ ጠፍቷል።

ሞተሩ ጠፍቷል። ኦራሊያ ይህችን ቃል እስክትደርስ ድረስ በአፏ ውስጥ ስታላምጣት ነበር።

በብርቱካኖቹ መሃል እየተሹለከለኩ ቀረቡ። አበባው ፈንድቶ ሽታው ራስ ያዞራል። ኦራሊያ ሽጉጧን አወጣች። ውስጥ ያለውን ለማድመጥ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አስጠጋች። አየር የሚገፋ ማሽን ድምፅ የለም። ምንም የለም። ከዚያ የሚጎተት እግር ድምፅ መጣ፤ መጣና በሩ ጋ ቆመ።

«ፖሊስ! እጅህን አሳይ!»

በሩ ተከፈተ። የመታጠቢያ ካባ የለበሰ ሽማግሌ በአንድ እጁ መጥበሻ፣ በሌላው የእንቁላል መገልበጫ ይዞ ሁለቱንም ወደ ሰማይ ዘረጋ። አንድ የተጠበሰ እንቁላል ከመጥበሻው ተንሸራቶ የቹይ ጫማ ላይ አረፈ።

«ማርጎ» አለ ሰውየው ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ ዞር ሳይል፣ «እዚህ ማደር ክልክል ነው ብዬሽ አልነበረም?»

ከካናዳ የመጡ ጥንዶች ነበሩ። ኦራሊያ ይቅርታ ጠይቃ ስትመለስ አንድ የብርቱካን ግንድ ተደገፈች። ጉሙ ጨርሶ ተገፍፏል፤ ፀሐይ ከፍ ብላለች።

«አለቃ» አለ ቹይ ጫማውን በሣር እየጠረገ፣ «ፈርተሻል።»

«አንተስ?»

«እኔማ ከጠዋት ጀምሬ።»

*

ሚስ አርዲት ላ ረታማ ውስጥ ካለው የራሳቸው ቤት-መኪና ደጃፍ ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ላይ ያለውን ሲኒ አልጠጡትም። የሉዊዚያና ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልጅ በአውቶቡስ ሲያመላልሱ ኖረው አሁን ደግሞ ለፈቃድ ፈተና የሚዘጋጁትን ያስተምራሉ። ሲነጋ ምሥራቅ በር ላይ ቅዳሴ ሊሄዱ ጓደኞቻቸውን ሲያሳፍሩ እንደነበር አራት ሰው መስክሮላቸዋል።

«አንድ ነገር ያሳዩኝ» አለች ኦራሊያ። ቨርና የነገሯትን ድምፅ፣ እባቡን፣ ጥዝዝታውን፣ ጧታውን በአፏ አስመሰለችላቸው። አርዲት ሲኒውን አስቀመጡና ወደ ውስጥ ገቡ። የሾፌር ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሞተሩን አስነስተው አየሩ እስኪሞላ ጠበቁ፤ አጠፉት። ከዚያ የፍሬኑን መርገጫ ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ረገጥ፣ ለቀቅ አደረጉት።

ፍስስስ። ፍስስስ። ፍስስስ።

ጥዝዝታው መጣ። እግራቸው አላቆመም። ከዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ እጀታ በራሷ ጊዜ ጧ! ብላ ዘለለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአየር ፍሬን ምርመራ። አየሩ ሲያልቅ ማስጠንቀቂያው መጮሁን፣ ፍሬኑም ራሱን ማሰሩን ታያለሽ። ፈታኙ ፊት ካላደረግሽው አንድ ጎማ ሳታንከባልይ ወደቅሽ።»

«ክሊተስ ያደርገዋል?»

«ክሊተስ!» ትንሽ ሳቁ። «ፈተናውን ካለፉ በኋላ ማን ያደርገዋል? ድዌን ተነሺ ብሎ ነው የሚነዳት፣ እንደ በቅሎ። ይሄን የሚያደርጉት ፈተና የሚጠብቁ…»

አርዲት እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ።

«ገመዱን ሳይነቅል የሄደ ሰው ነው» አለች ኦራሊያ። ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው፤ ሐሳቡ እንዳይበርባት። «ፍሬኑን እንዲህ አሳምሮ የመረመረ ሰው ገመዱን እንዴት ይረሳል? ከጠዋት ጀምሮ አልገባኝም ነበር። ሚስ አርዲት፣ ገመድ መንቀል ፈተናው ውስጥ አለ?»

«የለም» አሉ አርዲት። ፊታቸው አመድ መሰለ። «አምላኬ። ገመዱን አላስተማርኳትም።»

«ማንን?»

መልሱ ከመምጣቱ በፊት ኦራሊያ አውቃዋለች፤ ግን መስማት ነበረባት።

«ላቮንን። ጥልፍ ክበብ ሄድኩ እያለችው እዚህ ወንበር ላይ ነበረች፤ ክረምቱን ሙሉ። ቱቦዋን አፍንጫዋ ላይ እንዳደረገች። ነገ ወደ ሰሜን ሊነሱ ነበር፤ መንገዱን ስታስበው ሌሊት ሌሊት ያልባት ነበር። ወደዚህ ሲመጡ አንዲት ሴት ሕፃን በጋሪ እየገፋች መንገድ ስትሻገር፣ ድዌን በመዳፍ ስፋት አለፋት። ላቮን ስትጮህ ‹ምን ሆንሽ?› አላት። ሴት እንደነበረች አላየም! ‹አርዲት፣ ይሄ ሰው አንድ ቀን ሰው ይገድላል፤ መሪውን ልቀበለው› ትለኝ ነበር።»

«ለእሱስ አልነገረችውም?»

«ነገረችው። ‹ትንፋሽሽን እንኳ በቱቦ የምትስቢ ሴት› ብሎ ሳቀባት። ከዚያ በኋላ አላነሳችበትም።»

«ፈተናው መቼ ነው?»

«ዛሬ። እዚህ አካባቢ እስከ ሐምሌ ቀጠሮ የለም፤ ሶቶል አገኘች፣ ምዕራብ፣ እርሻዎቹ ካለቁ በኋላ ያለችው ትንሽ ከተማ። ግን አይሆንም ብያታለሁ! ፈቃድ የሌለው ሰው ለፈተና ሲመጣ ፈቃድ ያለው ሰው ከጎኑ መኖር አለበት፤ ያለዚያ ፈታኙ አያነጋግራትም። እኔ ልምጣ ብላት መኪናው የድዌን ነው፣ ጠብ ታስነሺብኛለሽ አለችኝ። ታዲያ ማን አብሮሽ ይመጣል አልኳት። ‹ድዌን ይመጣል› አለች።» እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ ጫኑ። «ስቄባታለሁ።»

«ጠዋት ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰው ተገደለ፣ እሷ ተሰረቀች ተባለ። አለቀስኩላት እንጂ ትነዳለች ብዬ መቼ አሰብኩ!»

*

ወደ ሶቶል ሲበሩ ቹይ በመንገዱ ላይ ያለውን ኬላ በሬዲዮ ጠራ።

«አዎ፣ አንድ ታርጋው እንደሱ ያለ በማለዳ አልፏል» አለ ጠባቂው። «እናንተ ግን የሚነዳው ወንድ ነው አላችሁ እኮ። ይሄኛውን የምትነዳው አሮጊት ናት፤ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አለ፤ ደኅና ናት። ብቻሽን ነሽ ወይ ስላት ‹ከባለቤቴ ጋር ነኝ፤ ኋላ ተኝቷል› አለችኝ።»

ቹይ መነጋገሪያውን እንደያዘ ቀረ።

«አለቃ፣ ሰውየው አስከሬን ክፍል ነው እኮ። እኔ ነኝ ያነሳሁት።»

ኦራሊያ ነዳጁን ረገጠች። ሴትዮዋ ተርፋለች፤ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ነገር ግን ዓይኗ ፊት የነበረው ሌላ ነው። ያ ትልቅ መኪና፣ ያ የተዘጋ የመኝታ በር፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ የተኛ የተባለው ሰው። ምን ተኝቷል እዚያ?

የሶቶል የመንጃ ፈቃድ ቢሮ አንዲት ጠፍጣፋ ቤት ናት። ጠጠር የፈሰሰበት ማቆሚያዋ ላይ ቤት-መኪናው በሁለቱ ነጭ መስመሮች መካከል ልክክ ብሎ ቆሟል፤ ሞተሩ በቀስታ ይሠራል። የኋላው ጎን ላይ ከላይ እስከ ታች የሄደ ጭረት አለ። ወጣቱ ፈታኝ ጥላ ስር ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ምን እየጠበቅክ ነው?» አለችው ኦራሊያ።

«ባልየው እስኪነቃ ነዋ። እሱን ሳላይ መጀመር አልችልም። ‹ትንሽ ታገሠኝ፣ ሲቀሰቅሱት ይቆጣል› ስላለችኝ…» ዩኒፎርሟን ገና አሁን ልብ አለ።

ቹይን እዚያው እንዲቆም በእጇ ነግራ ብቻዋን ወደ ቤት-መኪናው ወጣች።

ላቮን ቲቬት የሾፌር ወንበር ላይ ነበሩ። ሁለት እጃቸው መሪው ላይ ነው። ሰማያዊ ሹራብ ለብሰዋል፤ የጆሮ ጌጥ አድርገዋል፤ ለፈተና ጸጉራቸውን ተሠርተዋል። ማሽኑ ከእግራቸው ስር ይተነፍስላቸዋል። ኦራሊያን ሲያዩ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ሽሽ! ድዌን ተኝቷል።»

ኦራሊያ ወደ ኋላ አየች። በረንዳ የመሰለው ረጅም ክፍል መጨረሻ ላይ የመኝታው በር ተዘግቷል።

«የእንቅልፍ ክኒኑን ሲውጥ እስከ ቀትር ድረስ ነው» አሉ ላቮን በሹክሹክታ። «ሲነቃ ያብዳል። ግን እዚህ ከደረስን ምን ያደርጋል? ፈቃድ ያለው ሰው ይኑር አሉ፤ ይኸው አለ። ሕጉን አልጣስኩም፤ ጣስኩ?»

«እርስዎ ሲነሱ ባለቤትዎ አልጋው ላይ ነበሩ?»

«ነበር እንጂ። ውሻችን ፔፐርም እግሩ ስር። እኔ ታጠብኩ፣ ለበስኩ፣ ከመታጠቢያው ወጥቼ መብራት ሳላበራ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁለት። ምነው፣ ስልኬን ስላላነሳሁ ነው የመጣሽው? እየነዱ ስልክ ማንሳት ክልክል ነው።»

መንገር ነበረባት። ያን ጊዜ፣ እዚያው። ነገር ግን ከነገረቻቸው በኋላ የሚሉት ሌላ እንደሚሆን ታውቃለች፤ መርማሪነቷ ከሰውነቷ ቀደማት።

«ሚስ ላቮን፣ ከማቆሚያዎ ሲወጡ ወደ ግራ ነው የታጠፉት። ወደ ግራ ሲታጠፉ የኋላው ወደ ቀኝ ይወረወራል። የቀኙን ስፖኪዮ አይተው ነበር?»

ፊታቸው በራ። ሙሉ ሌሊት የሸመደደችውን ጥያቄ እንደተጠየቀች ተማሪ ሆኑ።

«አይቻለሁ! አርዲት ያንን ሳላይ መሪ ብነካ እጄን ትመታኝ ነበር። አይቻለሁ።»

«ምን ነበር?»

«ጉም ነዋ። ደግሞ…» ፈገግ አሉ። «አንድ ሰው ነበር። የእኛን ደንብ ታውቂ የለ፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ደጃፉ ላይ ወጥቶ እጁን ያውለበልባል፤ ሰው ሳይሸኘው የሚሄድ የለም። በዚያ ማለዳ ማን ይሸኘኛል ብዬ ነበር። እንዴት እንደፈራሁ ልንገርሽ? እግሬ ፍሬኑ ላይ ይዘል ነበር፤ ልመለስ ነበር። ከዚያ ስፖኪዮው ውስጥ አየሁት፤ ሁለት እጁን አንስቶ ያውለበልባል፣ እንዲህ፣ በኃይል። ክሊተስ መሰለኝ። አይዞሽ ያለኝ መሰለኝና ልቤ ሞላ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ እኔም አውለበለብኩለት።»

ማሽኑ ተነፈሰ። ኦራሊያ ዓይኗን ወደ ተዘጋው በር መለሰች።

ላቮን ፈገግታቸውን እንደያዙ አዩዋት። ደረቷ ላይ ያለውን ኮከብ አዩ፤ ከመስታወቱ ውጪ ቆቡን አውልቆ የቆመውን ቹይን አዩ። እጃቸው ከመሪው ላይ ተራ በተራ ወረደ። ተነስተው፣ የወንበሮቹን ጀርባ እየያዙ፣ ቱቦው እስከደረሰላቸው ድረስ ሄዱ። ሲያጥር አወለቁትና ወለሉ ላይ ጣሉት። የመኝታውን በር እንደሚተኛ ሰው በር፣ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቀው ከፈቱት።

ብርድ ልብሱ ወደ ጎን ተገልጧል። ትራሱ ላይ የራስ ቅርፅ ቀርቷል። መነጽሩ ኮመዲኖው ላይ ነው።

«ውሻዋን ሊያናፍሱ ወጥተው ነበር» አለች ኦራሊያ ከኋላቸው። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «አዝናለሁ፣ ሚስ ላቮን። ስፖኪዮው ውስጥ ያዩት እሳቸውን ነው፤ ቁሚ ሲሉዎ ነበር። አላተረፍናቸውም።»

አልጮሁም። አልጋውን ብዙ አዩት። ከዚያ ተመለሱ፤ ኦራሊያን በጎን አልፈው፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወርደው፣ ቹይ የከፈተላቸውን የፖሊስ መኪና በር አልፈው፣ አፉን ሊከፍት የነበረውን ፈታኝ አልፈው፣ ጠጠሩን በቀጭን የቤት ጫማቸው እየረገጡ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ ወደ አስፋልቱ ወጡና ማንንም ሳያዩ፣ ለማንም ምንም ሳይሉ ሄዱ።